ዲፈረንሻሉን ሳትጠይቁ ከባድ መኪና አትግዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሚሌም ሆነ ሎጊያ፣ ሾፌር ቡና ላይ ሲቀመጥ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ የቱ መኪና ይሻላል? አንዱ ሲኖትራክ ይላል፣ አንዱ ቮልቮ፣ ሌላው ከኢቬኮ ትራከር ወዲያ መኪና የለም ይላል። ዕድሜ የጠገቡት ዛሬም ኤንትሬ ፊያትን ያነሳሉ። ክርክሩ መልካም ነው። የሚያሳዝነን ገንዘቡን የሚያወጣው ባለንብረት ይህንኑ ጥያቄ በሁለት ቁጥር ብቻ መመለሱ ነው፤ በዋጋውና በፈረስ ጉልበቱ። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የተገዛ መኪና ናፍታ ሲጠጣ፣ ጎማ ሲጨርስና ቁልቁለት ላይ አልቆም ሲል ጣት የሚቀሰረው ሾፌሩ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለባለንብረቶችና ለአስመጪዎች ጆሮ እንዲደርስ ጽፈነዋል።

ስለ መኪና ከማውራት በፊት መንገዱን ማየት ይገባል። ጅቡቲ ከባሕር ወለል ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። በጋላፊ በኩል ርቀቱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሲወርድ ባዶውን ወይም ቡናና ሰሊጥ ጭኖ ነው፤ ሲመለስ ማዳበሪያ፣ ስንዴና ብረት ከነተሳቢው አጭቆ ይወጣል። ማለትም ከባዱ ጭነት የሚጎተተው ሽቅብ ነው፤ መጀመሪያ በአፋር ሙቀት፣ ቀጥሎ ከመተሐራ ወዲህ ባለው ዳገት። ጭነቱ ጎጃምና ጎንደር የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ተሸክሞ ዓባይ በረሃን ይወርዳል። ለዚህ መንገድ የሚሆን መኪና ለአውሮፓ ሜዳ ወይም ለድንጋይ መፍጫ ጣቢያ ከሚሆነው ይለያል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ጥርስ፣ ቁጥር ነው። 5.73 ማለት ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ) 5.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሲኖትራክ ሆዎ ከፋብሪካው በ4.42፣ በ4.8 እና በ5.73 ይወጣል። 5.73 የገልባጭ ቁጥር ነው፤ ጭቃና ኮረት ላይ ቀስ ብሎ እንዲጎትት የተሠራ። ግን ገልባጭ ሆኖ የመጣው መኪና እዚህ አካሉ ተቀይሮ፣ ተሳቢ ተቀጥሎለት ጅቡቲ መስመር ላይ ሲሰማራ እናያለን።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የ12.00 በ20 ጎማ አንድ ዙር 3.43 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባለ አስር ማርሹ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የመጨረሻ ማርሹ አንድ ለአንድ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 4.42 ያለው ሞተር በደቂቃ 1720 ጊዜ ይዞራል፤ 5.73 ያለው ግን 2230 ጊዜ። ይህ ባለ 9.7 ሊትር የሲኖትራክ ሞተር 371 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በ2200 ዙር ሲሆን፣ ዋናው የመጎተት አቅሙ ከ1100 እስከ 1600 ዙር ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ባለ 5.73ው መኪና ከገወኔ እስከ ሚሌ ባለው ሜዳ በ80 ሲሄድ ሞተሩ ከሙሉ ጉልበቱ ዙር አልፎ እየጮኸ ነው። በ1600 ዙር ልያዘው የሚል ሾፌር በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀራል። 4.42 የያዘው በዚያው ዙር 74 ይሄዳል። ሁለቱም ሲኖትራክ ናቸው፣ ሁለቱም 371 ናቸው፣ ቀለማቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። «ሲኖትራክ ናፍታ በላተኛ ነው» እና «የኔ ሲኖትራክ እንደዚያ አይደለም» የሚሉት ሁለት ሾፌሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚነዱት የተለያየ ዲፈረንሻል ነው።

«4.42 ዳገት ላይ ያንሰኛል» የሚል ስጋት አለ። ያንን ስጋት ሒሳቡ አይደግፈውም። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ 14.28 ነው፤ በ4.42 ሲባዛ 63 ይሆናል። ሞተሩ 1500 ኒውተን ሜትር ስለሚሰጥ ጎማው መሬት ላይ ከ16 ቶን በላይ መጎተት ይችላል። ከነተሳቢው 55 ቶን የሆነ መኪና አስር በመቶ ዳገት ላይ የሚፈልገው ስድስት ቶን ገደማ ነው። የሚያንሰው ማርሽ አይደለም፤ ሾፌሩ አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ ብቻ ይኖርበታል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሻጩን ማመን አይጠበቅበትም። ጎማው 12.00 በ20 ከሆነ መኪናውን ሜዳ ላይ በመጨረሻው ማርሽ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይንዳውና የዙር መቁጠሪያውን ይይ። 1300 አካባቢ ካሳየ 4.42 ነው፤ 1400 ከሆነ 4.8፤ 1670 ከሆነ 5.73። ፍጥነት መቁጠሪያው ውሸታም እንዳይሆን በስልክ ካርታ ማመሳከር ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የጎማ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ውስጥ ያለው ተጨማሪ ጥርስ ነው። ሲኖትራክ ሆዎና ትራከር የኋላ አክስላቸው ኃይሉን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፤ አንዴ መሃል ላይ፣ አንዴ ሞዞው ውስጥ። ጥቅሙ የመሃሉ ኳስ (የዲፈረንሻሉ ቤት) ትንሽ ስለሚሆን ከድንጋይ ከፍ ማለቱና ሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ጫና መቀነሱ ነው። ፒስታ መንገድ ላይ፣ ማዕድንና ግድብ ሥራ ላይ ይህን የሚያህል የለም። አስፋልት ላይ ግን በየሞዞው የሚዞሩት ጥርሶች ዘይት ሲያማስሉ ውለው ያድራሉ፤ ሙቀትም ናፍታም ይወስዳሉ። ጉዳቱን የሚያብሰው የሞዞው ዘይት መረሳቱ ነው። ጋራዥ ገብቶ «ዘይት ቀይሩልኝ» ሲባል የሞተሩና የመሃሉ ዲፈረንሻል ይቀየራል፤ የአራቱ ሞዞዎች ዘይት እንደነበረ ይቀራል። አራቱንም ማስከፈት የሾፌሩ ሥራ ነው። የወጣው ዘይት እንደ ብር ቀለም ካንጸባረቀ ኩሽኔታው መፈርፈር ጀምሯል ማለት ነው፤ ለነገ አይባልም።

ቮልቮ ኤፍኤች በዚህ በኩል ተወዳዳሪ የለውም። ዲፈረንሻሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀንስ ነው፤ 3.4 አካባቢ ከሆነ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12.8 ሊትሩ ሞተር በ1400 ዙር እያንጎራጎረ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ማርሽ ያለው አይሺፍት ካምቢዮም ማርሹን ራሱ ስለሚመርጥ የደከመ ሾፌር እንኳ ሞተሩን አያስጨንቀውም። ታዲያ ቮልቮ ይሻላል ብለን ለምን አንጨርስም? አይሺፍት በአየርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የባትሪው ኃይል ሲዋልል፣ የአየር ማድረቂያው ካርትሪጅ ሳይቀየር ቀርቶ ውሃ ወደ ቫልቮቹ ሲገባ፣ ካምቢዮው ማርሽ አልሰጥ ብሎ መንገድ ላይ ይቆማል። ጥርሱ ደህና ነው፤ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፤ ግን ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ መካኒክ እስኪገኝ መኪናው አይነቃነቅም። አዲስ አበባ አጠገብ ቢሆን የአንድ ቀን ጣጣ ነው። ዲቾቶ ላይ ከሆነ ቁጠሩት። ለዚህ መስመር ቮልቮ የሚገዛ ባለንብረት የአየር ማድረቂያውን በዓመት አንዴ ሳይለመን መቀየር፣ ሁለቱን ባትሪዎች እኩል ዕድሜ ያላቸው አድርጎ አብሮ መለወጥ አለበት። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ ሁለቱንም መግደል ነው።

የሞተሩ ራስም ይለያል። የቆዩት ሲኖትራክና መርሰዲስ አክትሮስ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ አላቸው። አንድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲበላ ያንኑ አንድ ቴስታታ ፈቶ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ መልሶ ማሰር መንገድ ዳር ይቻላል። ትራከርና ቮልቮ ስድስቱን ሲሊንደር የሚሸፍን አንድ ወጥ ቴስታታ ነው ያላቸው፤ ካምሻፍቱ ከላይ ስለተቀመጠ አወራረዱ ከባድ ነው፤ ያለ ማንሻ አይነሳም፤ ቡሎኖቹም በፋብሪካው ዲግሪ ካልጠበቁ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። በሌላ በኩል አንዱ ወጥ ቴስታታ ጠንካራ ነው፤ ውሃው በወጉ ከተያዘ ቶሎ አይነካም።

በናፍታ በኩል የቆየው ሲኖትራክ ባለ መካኒካል ፖምፓ ስለሆነ ከበርሜል የተቀዳ ናፍታ ትንሽ ይታገሳል። ትራከር፣ ቮልቮና አዲሶቹ ሲኖትራኮች ግን ከ1500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ፤ ጠብታ ውሃ የኢንጀክተሩን ጫፍ ይበላዋል። የውሃ ማጣሪያውን ብርጭቆ በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ንጹሕ ናፍታ እስኪወርድ መክፈት ግዴታ ነው። ሌሊቱን ውሃው ከሥር ስለሚዘቅጥ ከተነሳ በኋላ መክፈት ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንግባ፤ ከሎጊያ እስከ አዋሽ ስንቱ መኪና ከፈኑን አንስቶ እንደሚቆም የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙው ሾፌር መኪናው ሲግል የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በብዙዎቹ የከባድ መኪና ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ውሃውን ወደ ራዲያተር ይለቃል፣ በዚያው ደግሞ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ መኪናው የባሰ ይግላል፣ ደጋ ሲደርስ ደግሞ ሳይሞቅ እየሄደ ናፍታ ይጨርሳል፣ ሲሊንደሩንም ይበላል። ቴርሞስታት ተጠራጥራችሁ እንደሆነ አውጥታችሁ በድስት ውሃ ቀቅሉት፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ሲደርስ መክፈት ይጀምራል። ካልከፈተ በአዲስ ይተካል።

ሌላው የራዲያተሩ ካፕ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ካፑ ግፊት ከያዘ ግን ከ110 በላይ ይታገሳል። ላስቲኩ የደረቀ ካፕ ያለው መኪና ምንም ሳይጎድለው ሞጆ ዳገት ላይ ውሃ ይተፋል፤ ሰው ቴስታታ ያስወርዳል፣ ጥፋቱ የካፑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ከፊት ያለው ቆሻሻ ነው። የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣና ራዲያተሩ ተጣብቀው ስለሚቆሙ አቧራና ገለባ መሃላቸው ይጠቀጠቃል። ከፊት ውሃ መርጨት ቆሻሻውን ይብስ ይወትፈዋል፤ የሚታጠበው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ነው።

ከአዋሽ ወንዝ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ መጨመር ለአንድ ቀን ነፍስ ያድናል፤ ልማድ ሲሆን ግን ድንጋይ ሠርቶ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል። ትራከር፣ ቮልቮና አክትሮስ ላይ ጉዳቱ ይከፋል፤ ላይነራቸውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ) ውሃው በቀጥታ ይነካዋል። ኩላንት የሌለው ውሃ ላይነሩን ከውጭ እየነቀሰ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይበሳዋል፤ ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል። የቀድሞው ሲኖትራክ ላይነር ደረቅ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ማድረግ ከአንድ ላይነር ዋጋ በታች ነው።

ወደ ቁልቁለቱ ስንመጣ ለጋዜጣችሁም አንድ ቃል አለን። አደጋ ሲደርስ «ፍሬን በጥሶ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ 1400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከነጭነቱ 50 ቶን የሆነ መኪና ያንን ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት አሥር በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ የጎማ ሰበቃና ንፋስ የሚወስዱት አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ የፍሬኑ ታምቡር። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ሲቃጠል ይለሰልሳል። ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ አየሩ አለ፣ ግን የሚይዝ ነገር የለም። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» እስከ ማለት የደረሰበትን ምሬት እንረዳለን፤ ከነዚያ አደጋዎች መካከል ከታምቡር ሙቀት ጋር የተያያዙ ሊኖሩ እንደሚችሉ ግን ማንም አይነግረውም።

መኪናዎቹ እዚህ ላይ ሰማይና ምድር ናቸው። የተለመደው ሲኖትራክ ሞተር ፍሬን ማርሚታው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክዳን ናት፤ ጭሱን ዘግታ ሞተሩን ታፍነዋለች። ጥሩ የምትሠራው ከ1800 ዙር በላይ ብቻ ነው፤ በ1200 ዙር እንዳለች አትቆጠርም። ቮልቮው ሞተሩን ራሱን መጭመቂያ ያደርገዋል፤ በ13 ሊትሩ ሞተር ላይ ያለው ቪኢቢ ፕላስ በ2300 ዙር 500 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይይዛል። አንዳንዱ ስካኒያና ትራከር ካምቢዮው ላይ ሪታርደር (ተጨማሪ መያዣ) አላቸው፤ በዘይት ይይዛል፣ ሙቀቱንም ለራዲያተሩ ያስረክባል። ስለዚህ ሪታርደር ያለው መኪና ራዲያተሩ ከተደፈነ ቁልቁለት ላይ ይግላል፣ ሪታርደሩም ራሱን ይቀንሳል። ባለ ሪታርደር መኪና ገዝቶ የወንዝ ውሃ መጨመር ገንዘብን መጣል ነው።

ባለ ክዳኑን መኪና የሚነዳ ወንድማችን ይህን ይያዝ። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ ያንኑ መንገድ ጭኖ ሲወጣ ከሚጠቀምበት ማርሽ አንድ ዝቅ። መሃል ላይ ለመቀነስ ሲሞከር ማርሹ እምቢ ካለ መኪናው ኖርማል ላይ (ያለ ማርሽ) ይቀራል፤ ብዙ ሰው ያለቀው እዚያች ሦስት ሰከንድ ላይ ነው። ዙሩን ከ1800 እስከ 2100 ይያዝ፤ ከዚያ ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ ወደ 1700 ያውርድና ይልቀቀው። ቀስ አድርጎ እየረገጡ ሃያ ኪሎ ሜትር መውረድ ታምቡርን መጥበስ ነው። የክዳኗን እጅ በየሳምንቱ በእጅ ያንቀሳቅሳት፤ ጥላሸት ስለሚይዛት ተጣብቃ ትቀራለች፣ ቁልፉ መብራት ያሳያል እንጂ አትዘጋም።

ከዚያ ተሳቢው። የተሳቢ ሸራ እንዳያልቅ ብሎ የተሳቢውን ፍሬን ማላላት ወይም የአየር ቱቦውን ማነቅ የሚያዩት የሚፈሩት ልማድ ነው። የተሳቢው ክብደት በሙሉ የፊተኛው መኪና ታምቡር ላይ ያርፋል፤ ኩርባ ላይ ሲያዝ ተሳቢው ጎኑን ይዞ ይመጣል። ልኩን ማወቅ ቀላል ነው። አየሩን ሞልቶ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ፤ የቻምበሩ (የፍሬኑ አየር ቋት) ዘንግ መውጫው ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፤ ረዳት ፔዳሉን ሲረግጥ ምልክቱ ምን ያህል እንደወጣ መለካት። ቻምበሩ 30 ቁጥር ከሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ይጠበቅ። በእጅ የሚጠበቀው ማስተካከያ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ጠብቆ ግማሽ ዙር ይመለሳል። ከነተሳቢው ሁሉንም ጎማ ለመለካት አንድ ሰዓት ይበቃል።

ጎማ ላይ ብዙ አንልም። መኪናው አሥር፣ ባለ ሦስት አክስል ተሳቢው አሥራ ሁለት፤ ሃያ ሁለት ጎማ ነው። ከለማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው 12.00 በ20 በየመንደሩ ይለጠፋል፣ ግን ከለማዳሪው ውስጥ ለውስጥ እየተሻሸ ይግላል። ያለ ከለማዳሪ የሚሠራው 315/80 ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ከፈነዳ ቸርኬውን አብሮ ሊያበላሽ ይችላል። ሁለቱም ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፣ የጋለ ጎማ አይተነፈስም።

ጋቢናው የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአፋር ሌሊት ኤሲ በሌለው ጋቢና ያደረ ሾፌር በማግስቱ ዓባይን ሲወርድ ነቅቶ አይደለም።

ለአስመጪዎችና ለገጣጣሚዎች የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀታችሁ ላይ ከፈረስ ጉልበቱ ጎን የዲፈረንሻሉን ቁጥርና የሞተር ፍሬኑን ዓይነት ጻፉልን። ለተሳቢ የሚሸጥ መኪና ላይ 5.73 አትስጡ። ሪታርደር በትእዛዝ የሚመጣ ከሆነ ለባለንብረቱ ዋጋውን ከአንድ ዓመት ሸራና ታምቡር ወጪ ጎን አስቀምጡለት፤ እሱ ይወስን።

ከጅቡቲ መስመር የደረቅ ጭነት ሾፌሮች፣ አዲስ አበባ